ሃያ አራት ስም

እትዬ የዝና ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ በር ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ድሮ የሥራ ዕቃችንን ያመላልስልን የነበረው ሾፌር ተሰማ ከማዶ አየኝና መንገዱን ተሻግሮ መጣ። እጄን ጨብጦ አልለቀቀኝም።

«አልሰማህም መሰለኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«መምህርቷን። እስቴ መካነ ኢየሱስ ከተቀበሩ ወር አለፋቸው።»

ማን ይንገረኝ? የአገሩ ስልክ ከጠፋ ቆይቷል፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። ተሰማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ስኳራቸው ነው አሉ። መድኃኒቱ ጠፋ» አለና ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔ የምጠብቀው ሚኒባስ መጥቶ፣ ሞልቶ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። አላለቀስሁም። ለመጨረሻ ጊዜ ከቤታቸው ከወጣሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ለማስታወስ እየሞከርሁ ነበር።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሁለት ዓመት ከወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የጥናት ድርጅት መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ተባለ። ምርጫ ደርሶ ነበር። የየፓርቲው ሰዎች በቴሌቪዥን እየቀረቡ የሚከራከሩበት ወቅት ነው። ድርጅቱ የፈለገው፣ ሰው ክርክሩን አይቶ ካበቃ በኋላ የሚናገረውን አልነበረም። ተከራካሪው ቃሉን ከአፉ ሲያወጣ፣ እዚያው በዚያው ሰከንድ፣ የሚሰማው ሰው ልብ ውስጥ የሚሆነውን መለካት ነው የፈለጉት።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ነበራቸው። በመዳፍ የሚያዝ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ከላዩ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ያለች አንዲት ማዞሪያ አለችው። የሰማኸው ደስ ካሰኘህ ወደ ቀኝ፣ ካስከፋህ ወደ ግራ ታዞራለህ። ምንም ካልመሰለህ መሐል ላይ ትተዋታለህ። ሃያ አራት ሰው ሃያ አራት ሳጥን ይይዛል፤ ሁሉም በሽቦ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ይገናኛል። የሃያ አራቱ እጅ ተደምሮ ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ይሆናል፤ እየወጣ እየወረደ ይሄዳል።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አስተባባሪ ሆነው የተቀጠሩት እትዬ የዝና ነበሩ። መካነ ኢየሱስ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ከታናሽ እህታቸው ከአስናቀች ጋር ይኖሩ ነበር። ጥላ ከእጃቸው አይለይም፤ ሲዘረጉት ግን አይቼ አላውቅም። ሲያስተምሩ የለመዱትን ሰሌዳ መጠቆሚያ ይተካላቸው ነበር መሰለኝ። ሰው ሲናገር ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ከተናጋሪው ላይ ሳይነቅሉ፣ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ከጨረሰም በኋላ ትንሽ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይኽ ዝምታቸው ያስጨንቀኝ ነበር።

«ጨረስሁ እኮ፣ እትዬ» አልኋቸው አንድ ቀን።

«አውቃለሁ። የቀረህ ነገር ካለ ብዬ ነው።»

ብዙ ጊዜም የቀረኝ ነገር ይኖር ነበር።

ከአዲስ አበባ የመጡት አሠልጣኞች ለተሳታፊዎች የሚነበብ መመሪያ ጽፈው ሰጡን። «ተሳታፊው የሚያድርበትን ስሜት በተከታታይ እንዲያመለክት ይጠየቃል» ይላል። እትዬ የዝና አነበቡትና አጥፈው ከቦርሳቸው ከተቱት። «ይኸን ብናነብላቸው ክርክሩ ሳይጀመር ይተኙብናል» አሉ። ገበሬዎች ፊት ሲቆሙ የሚሉት ሌላ ነው።

«እርፍ ትይዛላችሁ አይደል? በሬው ከትልሙ ሲወጣ እጃችሁ እርፉን ይመልሳል። አስባችሁ ነው የምትመልሱት?»

«ኧረ የለም!» ይላሉ።

«እንደዚያው ነው። ሰውየው ከትልሙ ከወጣ ወደ ግራ፤ ደህና ካረሰ ወደ ቀኝ። አታስቡበት።»

ለሴቶቹ የጨው ነገር ያነሡላቸዋል። ወጥ ቀምሳ እጇ ወደ ጨው ዕቃው ለሚሄድ ሴት ማን ያስተምራታል እያሉ። ከዚያ ሰዎቹን አራርቀው ያስቀምጣሉ። ሳጥኑን ከጋቢና ከነጠላ ሥር እንዲይዙት፣ አንዱ የሌላውን እጅ እንዳያይ ያደርጋሉ። ለምን ይኸን ያህል እንደሚጠነቀቁ ብጠይቃቸው፣ «አፍን ጎረቤት ይሰማዋል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል» አሉኝ። «እጅን ግን ብቻውን ከተዉት አይዋሽም።»

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ድርጅቱ ከምርጫው በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ተመልሶ ሊጠይቅ ስላሰበ፣ የትኛው ሰው የትኛውን ሳጥን እንደያዘ መመዝገብ ነበረበት። ላፕቶፑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በእጅ ተጽፎ እትዬ የዝና ጋ ይቀመጣል። ግልባጭ አልነበረውም።

ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ላይ ሥራው ያለ ችግር አለፈ። ወደ ስማዳ ከተማ ወደ ወገዳ የሄድነው በሁዳዴ፣ በአንድ እሑድ ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹንና ጀነሬተሩን በተሰማ መኪና ጭነን፣ በዚያ መንገድ ስንናጥ ውለን ደረስን። ክርክሩ የሚተላለፈው ከሰዓት በኋላ ነበር። አንድ የመማሪያ ክፍል ተፈቅዶልን፣ ከከተማው በታች ካለች አንዲት ቀበሌ ሃያ አራት ሰው ተመርጦ መጣ። አሥራ አምስቱ ወንዶች፣ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። የደብራቸው ቄስ፣ ቄስ አድማሱ፣ አብረው ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው። ሳጥኑ ሲሰጣቸው በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«እኔ እምለው፣ መምህርት፣» አሉ፣ «ይቺ ነገር የሰውን ልብ የምታውቅ ከሆነ ለእኔ ምን ሥራ ቀረልኝ?»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ የዝናም ሳቁ። «አባ፣ እሷ መክፋቱን እንጂ ለምን እንደከፋው አታውቅም። ያ እርስዎ ጋ ነው የሚመጣ።»

ሳቁ ሳያልቅ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ራሱን ተላጭቷል፤ ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ ገልብጦ ለብሷል። ሙላት ይባላል።

«ስማችን የት ይሄዳል?» አለ።

ሁሉም ሊጠይቅ የፈለገው ይኸንኑ ነበር።

«የትም አይሄድ። እኔ ጋ ይቀራል» አሉ እትዬ የዝና።

«ስጡን ቢልዎስ፣ ሰው?»

«አልሰጥም።»

«ቢያስገድድዎስ?»

ዘንበል ያለውን ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው አዩት። «ወንድሜ፣ ልጅ የለኝም፤ በልጅ አልምልልህም። ስምህን ያለ ፈቃድህ ከሰጠሁ፣ ያስተማርኋቸው ሁሉ በመንገድ ሲያገኙኝ አናውቅሽም ይበሉኝ።»

ሙላት ትንሽ ቆሞ አሰበና ተቀመጠ። ክርክሩ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ሰዓት መስመሩ ሜዳ ነበር። ተከራካሪዎቹ ከረባታቸውን አስረው ስለ አንቀጽ፣ ማን መቼ ምን ብሎ እንደነበር፣ የማን ድርጅት የእውነት እንደሆነ ይወራወራሉ። የቀበሌዋ ሰዎች በጨዋ ደንብ ጸጥ ብለው ያያሉ፤ እጃቸው ግን መሐል ላይ ተኝቷል። ስለ ማዳበሪያ ሲነሣ መስመሩ ጥቂት ከፍ ዝቅ አለና ተመልሶ ረጋ።

«ሰልችቷቸዋል መሰለኝ» አልሁ ቀስ ብዬ።

«አልሰለቻቸውም» አሉ እትዬ የዝና፣ ዓይናቸውን ከላፕቶፑ ሳያነሡ። «እየጠበቁ ነው።»

ከዚያ አንዱ ተከራካሪ ፈገግ ብሎ ስለ ጤና ማውራት ጀመረ። «ዛሬ በገጠራችን መንገድ ያልገባበት የለም» አለ። «ወላድ እናት በቃሬዛ የምትጓዝበት ዘመን ላይመለስ አልፏል።»

መስመሩ ወደቀ። መሐል ላይ ከነበረበት በአንድ ትንፋሽ የታችኛውን ጠርዝ ነካ፤ እዚያው ቀረ። ሃያ አራት እጅ አብሮ ነው የዞረው። ደንግጬ ሰዎቹን ቀና ብዬ አየሁ። አንድ ፊት አልተለወጠም። አንድ ሰው አላጉረመረመም። ቄስ አድማሱ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ቴሌቪዥኑን እንዳዩ ናቸው። ከዚያች ላፕቶፕ በቀር በዚያ ቤት አንድ ነገር መድረሱን የሚናገር አልነበረም።

ቀጥሎ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ሙላት ነው። ማዞሪያዋ ከዳር ከደረሰች ወዲያ አትዞርም፤ እሱ ግን ማዞሩን አላቆመም ነበር። ስባሪዋ መዳፉ ውስጥ ቀርታለች። ተነሥቶ በሁለት እጁ ይዟት ወደ እኛ መጣ።

«ይቅር በሉኝ» አለ። «የመንግሥት ዕቃ ሰበርሁ።»

እትዬ የዝና ስባሪዋን ተቀበሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል ብሎ ይመልሰው ነበር። እሳቸው ግን እጁን እንደያዙ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ አጠገባቸው አስቀመጡት።

ነገሩን የነገሩን ቄስ አድማሱ ናቸው፣ ሰዉ ሲበተን፣ በር ላይ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሙላት ሚስት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ዳገቱን ይዘዋት ወጡ። መኪና ከሚገባበት ሳይደርሱ ሞተች፤ ልጁም በሆዷ ቀረ። «እዚህ ቤት የነበርነው ወንዶች ተሸክመናታል» አሉ። «ሴቶቹ ከኋላ ነበሩ። ሰውየው 'ዘመኑ አልፏል' ሲል እኔ ትከሻዬን ነው ያመመኝ።»

ስንመለስ እትዬ የዝና ከፊት ተቀምጠው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ይኸን መስመር አንድ ሰው ቢያየው» አሉኝ። «ወንበር ያለው አንድ ሰው ቢያየው እኮ ይበቃል።» ዓይናቸው ያበራ ነበር። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ዛሬ ሳስበው የጎዳቸው ያ ተስፋ ነው።

መረጃውን ከረጅም ማብራሪያ ጋር ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከድርጅቱ ተደወለ። መካነ ኢየሱስ፣ ከቤታቸው፣ አብሬያቸው ስለነበርሁ ስልኩን በስፒከር አደረጉት።

«የወገዳው መረጃ አጠራጣሪ ነው» አለ ደዋዩ፤ ድምፁ ወጣት ነው። «ሃያ አራት ሰው በአንድ ሰከንድ አንድ ላይ አይዞርም። ወይ አሠልጥናችኋቸዋል፣ ወይ መሣሪያው ተበላሽቷል።»

«ምክንያቱን ጽፌልሃለሁ፣ ልጄ።»

«አንብቤዋለሁ። ያሳዝናል። ግን ማጣራት አለብን። የስም ዝርዝሩን ይላኩልንና አካባቢውን በሚያውቁ ሰዎች እናጣራለን።»

«እነማን ናቸው፣ አካባቢውን የሚያውቁት?»

«እሱ የእኛ ጉዳይ ነው። ካልላኩልን መረጃው ይሰረዛል። እርስዎም መረጃ ፈጥረዋል ተብሎ ነው የሚመዘገብብዎት።»

ስልኩ ተዘጋ። ማን ወደ ግራ እንዳዞረ ከነስሙ የያዘ ወረቀት በዚያ ወቅት በስንት እጅ ሊያልፍ እንደሚችል እኔም አላጣሁትም። ግን ሥራውን ፈልጌዋለሁ፤ መስመሩም እንዲጠፋ አልፈለግሁም።

«ይላኩት፣ እትዬ» አልሁ። «ለዚሁ ብለው አይደል ስማቸውን የሰጡን?»

«ለዚህ አይደለም የሰጡት። ለእኔ ነው።»

«እንግዲያ ይሰረዝ?»

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ወገዳ ተነሡ፤ እኔም ተከተልሁ። ወደ ቀበሌዋ በእግራችን ወረድን። ሃያ አራቱንም በየቤታቸው፣ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይሰማ ሊጠይቋቸው ነው። አራት ቀን ፈጀብን። በስኳሩ እግራቸው አብጦ ጫማቸው እምቢ ብሏል፤ ከአህያ ጀርባ ላይ ውጡ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። በየደጁ ቆመው የሚሉት አንድ ነው፦ «ስምዎን ጠይቀውኛል። ልስጥ?»

ሰዎቹ አልሰጡም። አንዳቸውም ግን በቁጣ እምቢ አላሉ፤ እያፈሩ ነው። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ቄስ አድማሱ፣ «እኔስ ዛሬም ነገም ሟች ነኝ» ብለው ጀመሩና፣ «ግን ልጆች አሉኝ» ሲሉ እንባቸው መጣ። እትዬ የዝና የሁሉንም እጅ ይዘው፣ «ደግ አደረጉ፤ እኔም እርስዎን ብሆን አልሰጥም» ይሉ ነበር። የመጨረሻው ቤት የሙላት ነው።

ደጃፉ ላይ ቀንበር እየጠረበ አገኘነው። እናቱ እመት ጣይቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«የእኔን ስጧቸው» አለ ሙላት፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ልጄ፣ ተው!» አሉ እናቱ።

«ከእንግዲህ ምን ይወስዱብኛል፣ እማ?»

እትዬ የዝና ጥላቸውን ተደግፈው ቆዩ። እንደ ልማዳቸው ጠበቁት። «አንድ ስም አይበቃንም ይሉ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ።

«ይበሉ። ብቻ ሰውየው ውሸት መናገሩን አንድ ሰው በስሙ ይመስክር። የእሷንም ስም ጻፉበት። ይታይሽ ትባላለች። አልጻፍም እንዳይሉኝ፣ መምህርት።»

ጻፉ። ሰባተኛውን ሳጥን ይዞ የነበረው ሙላት መሆኑን፣ ሚስቱ ይታይሽ በቃሬዛ ላይ መሞቷን፣ የቀሩት ስማቸውን ለመስጠት እንዳልፈቀዱና ያም መብታቸው መሆኑን፣ በዚያ በሰሌዳ ጽሕፈታቸው በሁለት ገጽ ጽፈው ላኩት። የሃያ ሦስቱን ዝርዝር እዚያው ፊቴ እሳት ውስጥ ከተቱት። መልሱ በቴክስት መጣ፦ «አንድ ሰው መረጃ አይሆንም።»

ከዚያ የሆነውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ድርጅቱ ረዳቶችን ንፋስ መውጫ ላይ ሰብስቦ አንድ ወረቀት ሰጠን፤ «በወገዳ የተሰበሰበው መረጃ በትክክለኛው መንገድ ስለመሰብሰቡ ማረጋገጥ አልችልም» ይላል። የፈረመ በሚቀጥለው ዙር ሥራ ያገኛል ተባለ። በዓይኔ አይቼው፣ ቀጭ ያለውን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቼው፣ ፈረምሁ።

ሪፖርቱ ሲወጣ አየሁት። የሚያምር ነው፤ ባለ ቀለም ነው። የዚያ ክርክር ግራፍ አለበት። ስለ ቃሬዛው የተነገረበት ሰከንድ ላይ ጣቴን አሳርፌ ፈለግሁ። መስመሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ከሥሩ «ተመልካቾች የጤናውን ጉዳይ በበጎ ተቀብለውታል» የሚል ተጽፎበታል።

ያቺ አንዲት ስም ግን ከመዝገብ አልጠፋችም። በማን እጅ እንዳለፈች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከምርጫው በፊት የማይታወቁ ሰዎች መጥተው ሙላትን ከማሳው ወሰዱት። «ማን አስተማረህ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር አሉ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለሰ። ምን እንዳደረጉት ለእናቱም አልነገረም። ዘር ሳይዘራ፣ በሬዎቹን ለወንድሙ ትቶ፣ ሰሊጥ አርማለሁ ብሎ ወደ ቆላ ወረደ። የአረሙ ጊዜ አለፈ፤ አጨዳውም አለፈ። አብረውት የወረዱት ሲመለሱ እሱ አልነበረም።

እትዬ የዝናን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ይኸን ከሰሙ በኋላ ነው። አልጋ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ገርጥቷል። አጠገባቸው የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተቆልለዋል። በየአገሩ ለተበተኑት ተማሪዎቻቸው፣ ለሾፌሩም ለነርሱም ለፖሊሱም፣ ሙላት የሚባል ሰው አይታችሁ እንደሆነ እያሉ ይጽፉ ነበር። ግማሹ ደብዳቤ መንገድ ተዘግቶ አልሄደም።

እኔ የመጣሁት ልናዘዝ ነው። መፈረሜን ነገርኋቸው፤ ለምን እንደፈረምሁም ነገርኋቸው። ጨረስሁ። እንደ ወትሮው ጠበቁኝ።

«ሌላ አለህ?»

«የለኝም፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አልተቀየምሁህም» አሉ። «አንተ ፈርመህ መስመር ነው ያጠፋኸው። እኔ ጽፌ ሰው አጠፋሁ። ማን ማንን ይቅር ይላል?»

«እሱ ራሱ አይደለም እንዴ ስጡ ያለ? ምለው ነበር፤ መሐላዎንም አላፈረሱ።»

«ሐዘንተኛ ያለውን ሁሉ ይይዙታል?» ድምፃቸው ከፍ ሲል አስናቀች ከጓዳ ብቅ አለች። «ሚስቱ ከሞተች ወር ከምናምን ነበር! ልቡ በቦታው አልነበረም፤ እኔ ግን ነበርሁ። ይኸን ሁሉ ዘመን ልጅ ሳስተምር፣ ልጅ የሚለውን ሁሉ መስማት እንደሌለብኝ አውቃለሁ። እናቱ ተው አሉት እኮ፤ ሰምቻቸዋለሁ። ግን መስመሩን ሳሳሁለት። እንዲታይልኝ ፈለግሁ። ለእሱ ብዬ አይምሰልህ፤ እኔ ነኝ የፈለግሁት።»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ደክሞኛል፤ ሂድ አሁን» አሉ። ወጣሁ። ተመልሼ እመጣለሁ ብዬ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ፤ እውነቱን ለመናገር መንገዱ በተከፈተባቸው ቀኖችም አልሄድሁም።

ለአርባቸው በደብረ ታቦር ዞሬ መካነ ኢየሱስ ደረስሁ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሰው ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ ጎልማሳ የሆኑ የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው። አስናቀች አቅፋኝ አለቀሰችና እንባዋን ጠርጋ ወደ ድንኳኑ ጥግ አመለከተችኝ። ሰባት ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ነው።

«ከስማዳ ነን ይላሉ» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «መኪና የለም፣ በእግራቸው ነው የመጡት። ዘመዶቻችን አይደሉም። እህቴን በምን ታውቋታላችሁ ብላቸው 'እንዲሁ ነው' ይሉኛል። በዚህ በክፉ ቀን ሰው መፍራት ነው፤ አንተ ታውቃቸዋለህ?»

አየኋቸው። ፊቷን በነጠላ ሸፍና ጓዳ የገባችው ሴት አለች። ቄስ አድማሱ አሉ፤ ቀና ብለው አዩኝ። አጠገባችን የተቀመጡት የዕድር ሰዎች መልሴን እየጠበቁ ነበር።

«አላውቃቸውም» አልሁ። «ግን ለለቅሶ የመጣ ሰው ነው፤ ምግብ ይቅረብላቸው።»

ቄሱ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ከሰባቱ አንዷ እመት ጣይቱ ነበሩ፣ የሙላት እናት። ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔን አላወቁኝም። ከሰው ሰው እየዞሩ፣ እንግዳ የመሰላቸውን ሁሉ እጅጌውን እየያዙ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ከእኔ ደረሱ።

«ልጄ፣ ወደ ቆላ ወርደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«ብትወርድ ልጄን ፈልግልኝ። ሙላት ይባላል።» ጮክ ብለው ነው የተናገሩት። ቄስ አድማሱ ተነሥተው ክንዳቸውን ያዙና፣ «ዝም ይበሉ እንጂ፣ እዚህ ሰው አለ» አሏቸው። አሮጊቷ ክንዳቸውን አስለቀቁ።

«ምን አስፈራችሁ? ስሙን ካልጠራሁት ማን ይፈልግልኛል?» እንደገና ወደ እኔ ዞሩ። «ሙላት ነው። እንዳይጠፋህ አንድ ጊዜ አንተም በለው።»

የዕድሩ ሰዎች ያዩናል፤ ስድስቱ ሰዎች አቀርቅረዋል።

«ሙላት» አልሁ።

«አልሰማሁህም፣ ልጄ» አሉኝ።